ክቡር ግንባርዎን ስላገኘችው ቀይ ጫማ እና በመሳቢያዎ ስለታሰረው ጥጥ

ለክቡር አቶ ፈቀደ በየነ
የሰፈራችን የባህል አዳራሽ ኃላፊ
ቀራንዮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ግንባርዎ እንዴት ሰነበተ? እብጠቱ ጎደለልዎ? ሰላምታዬ ለግንባርዎ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ለጆሮዎ፣ ለአፍንጫዎ፣ ለቀኝ ትከሻዎ፣ ባለፈው እሑድ ጫማ ላረፈበት የሰውነትዎ ክፍል ሁሉ በየተራ ይድረስልኝ። እኔ ከቅንድቤ በላይ ካለችው ሦስት ስፌትና ከአንዲት ከተነቃነቀች ጥርስ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እንዲያውም እውነቱን ልንገርዎትና፣ በሃምሳ ሁለት ዓመት ዕድሜዬ እንደ እሑዱ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስሜ የሺእመቤት ወልደጊዮርጊስ ይባላል። ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ሲወርዱ ክርና ዚፕ፣ የኮት ቁልፍና የመጋረጃ ጨርቅ የምሸጠው ሴትዮ ነኝ። የሽቦና ጥጥ ወዳጆች ተሰብስበው ይቅርታውን ማን ይጻፍ ሲባባሉ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁና፣ ደግሞም «አንቺ ወሬ አያልቅብሽም» ተባልኩና፣ ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። ማክሰኞ ጠዋት በአዳራሹ በር ላይ ያስለጠፉትን ማስታወቂያ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁከት የፈጠርን ተመልካቾች እስከ ዓርብ ድረስ በግልጽ ደብዳቤ ይቅርታ ካልጠየቅን፣ በኤግዚቢትነት የተያዙት ጫማዎችና «አንድ የተቀደደ የጨርቅ አሻንጉሊት» ወደ ቆሼ ተልከው እንደሚወገዱ ይገልጻል። ጫማው ግዴለም፣ ጫማ ይገዛል። «አንድ የተቀደደ የጨርቅ አሻንጉሊት» ያሉት ግን ጥጥ ነው።

ይህ ደብዳቤ በየሱቁ በር ስለሚለጠፍ፣ ለማያውቅ መንገደኛ ትንሽ ላስረዳ። ጋሽ ጥሩሰው የሚባሉት ጎረቤታችን ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በቴሌቪዥን ያሳዩን የነበሩት የእጅ አሻንጉሊቶች ሦስት ናቸው። ሽቦ ከሽቦ የተጠማዘዘ፣ ቀጭንና ቁጡ ነው። ወንድሙ ጥጥ ከነጭ ካልሲ የተሰፋ፣ ሆዳምና ፈሪ፣ ግን ማንም የማይጠላው ነው። ቆርጣሜ ደግሞ ከቆርቆሮ የተቆረጡ ጥርሶች ያሉት አይጥ ነው፤ ግድግዳ ቀድዶ እየገባ ሁለቱን ወንድማማቾች ያስጨንቃል። ሽቦ ሁልጊዜ ፕሮግራሙ ሲጀመር «ሸበጣችሁ እግራችሁ ላይ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቆርጣሜ ብቅ ሲል በየቤቱ ያለ ልጅ ሁሉ ሸበጡን አውልቆ ወደ ቴሌቪዥኑ ይወረውራል። በዚህ የተነሣ ስንት ቴሌቪዥን እንደተሰነጠቀ እኛ እናቶች እናውቃለን። እነዚያ ልጆች ዛሬ ፂም አውጥተዋል፣ ወልደዋል፤ ቆርጣሜን ሲያዩ ግን እጃቸው አሁንም ወደ እግራቸው ነው የሚሄደው። እሑድ ዕለት በአዳራሽዎ የታየው የጋሽ ጥሩሰው አዲሱ ፊልም ነበር። አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ፈቃዱ። አዳራሹን ለመጠየቅ ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በተራ ቁጥር አራት ላይ፣ ቆርጣሜ በሚወጣበት ጊዜ ተመልካቾች እንደ ልማዳቸው ጫማ ወደ መድረኩ እንደሚወረውሩ፣ ስለዚህም በዚያ ሰዓት መድረኩ ላይ ሰው እንዳይቆም በትሕትና አሳስቤአለሁ። እርስዎም «ተፈቅዷል» ብለው ፈርመው፣ ክብ ማኅተም አሳርፈውበት በነጋታው ላኩልኝ። እኔ በየቢሮው ደጅ ስጠና ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ በአንድ ቀን ያለቀልኝ ጉዳይ ይህ ብቻ ነው፤ ምን ዓይነት ቀልጣፋ ሰው አገኘን ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼልዎታለሁ። ለካ ቅልጥፍናው የመጣው ካለማንበብ ኖሯል። ለሱም ቢሆን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ቢያነቡት ይከለክሉን ነበር፣ ቢከለክሉን ደግሞ ይህን ሁሉ ደስታ ከየት እናገኘው ነበር? ብቻ በማስታወቂያዎ ላይ «ያልተፈቀደ ሁከት» ያሉትን «የተፈቀደ» ብለው እንዲያርሙልን እለምናለሁ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት እኔ ዘንድ በክር ካርቶን ውስጥ በክብር ተቀምጧል።

ሁለተኛ፣ ስለ አነሣስዎ። እርስዎ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ስልክዎን ያዩ ስለነበረ ፊልሙ የት እንደደረሰ ላያስታውሱ ይችላሉና ላስታውስዎ። ቆርጣሜ ሌሊት ግድግዳውን ቀድዶ ገብቷል። ሽቦን በፒንሳ ይዞ አንድ ጊዜ አጥፎታል፣ ሁለት ጊዜ አጥፎታል፣ ሦስተኛውን ከጠረጴዛው እግር ጋር ቋጥሮታል። ከዚያ ጥጥን ከአልጋ ሥር በጆሮው ጎትቶ አወጣው። የቆርቆሮው ጥርስ ሆዱ ላይ ሲገባ ስፌቱ ቅርርር ብሎ ሲተረተር አራት መቶ ሰው ሰማ። ቆርጣሜ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ የሆዱን ጥጥ በጭብጥ በጭብጥ እያወጣ ወለሉ ላይ በተነው። አጠገቤ የተቀመጠው ደሜ፣ ያ አንገተ ወፍራም የሚኒባስ ሹፌር፣ የነጠላዬን ጫፍ አፉ ውስጥ አስገብቶ ነከሰው። በሌላው ጎኔ ርሆቦት፣ የቸርቻቸው ዘማሪ የሆነችው ጎረቤቴ፣ ድምፅ አውጥታ መጸለይ ጀመረች፤ እየጸለየች ግን የግራ ጫማዋን ማሰሪያ ስትፈታ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔም ፈትቼ ጨርሼአለሁ።

እርስዎ በዚያች ቅጽበት ተነሡ። ሌላ ስብሰባ ስላለብዎ የመዝጊያ መልእክትዎን አስቀድመው ሊያስተላልፉ ፈልገው እንደነበር በኋላ ተነግሮናል። ማይክ ይዘው መድረኩ ላይ ወጥተው በፕሮጀክተሩ ብርሃን ፊት ቆሙ፤ ቆርጣሜም ነጭ ሸሚዝዎ ላይ ወጣ። ዓይኖቹ ከደረትዎ ግራና ቀኝ፣ ጥርሶቹ ከከረባትዎ በላይና በታች። ክቡር ሆይ፣ ስለ ኪነ ጥበብ ያለኝን አስተያየት በቅንነት ልናገርና፣ በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ቆርጣሜ እንደዚያ ቀን አምሮበት አያውቅም። «የተከበራችሁ» አሉ፤ «ታዳሚዎች» የሚለውን እስካሁን እየጠበቅን ነው። የመጀመሪያዋ ጫማ ቀይ፣ ባለ ታኮ፣ የግራ እግር ስትሆን፣ ከሁለተኛው ረድፍ ተነሥታ በሰዎች ራስ ላይ እየተሽከረከረች መጥታ በታኮዋ ግንባርዎን አገኘችው። ሁለተኛው ረድፍ የርስዎ ተጋባዥ እንግዶች ረድፍ ስለነበረ የኛ ሰው የወረወራት አይመስለኝም፤ ማንም ትሁን እጇ ይባረክ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መቁጠር አይቻልም። ሸበጡ፣ ስኒከሩ፣ የሠርግ ጫማው፣ ጭቃ የያዘው ቦቲ ሁሉ አንድ ላይ ወረደ። የርሆቦት አፍንጫዎን ነካችው። የደሜ ቁጥር አርባ አራት ትከሻዎን ሲያገኘው የተሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። የኔዋ በጆሮዎ በኩል ያለፈችው ናት፤ ያሰብኳት ለቆርጣሜ ዓይን ነበረ፣ ስለ አነጣጠሬ አፍራለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ዱላው። ወለሉ ላይ በአራት እግርዎ ሆነው «በሏቸው!» ብለው ሲያዝዙ፣ በሩ ላይ የነበሩት ስድስት ደንብ አስከባሪዎች ትእዛዝዎን በቅንነት ፈጽመዋል። የድብደባው ፍትሐዊነት የሚመሰገን ነው፤ ሽማግሌ፣ ወጣት፣ ዘማሪ፣ ሹፌር ብለው አልለዩም። ደሜ በወንበር መለሰ። ወንበሩ የአዳራሹ ንብረት በመሆኑ ለተሰበሩት ሁለት እግሮቹ አዝናለሁ። ርሆቦት «በኢየሱስ ስም!» እያለች አንዱን በማይኩ ገመድ ጠልፋ ጣለችው። እኔም በበኩሌ አንዱን በቦርሳዬ መትቼዋለሁ፤ ለካ ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ኪሎ የብረት የመጋረጃ ቀለበት ነበረ፣ ረስቼው ነው። እሱም ዱላውን ቅንድቤ ላይ አሳረፈና እኩል ሆንን። ወለሉ ላይ ደምና ጫማ ተደባልቆ ሳለ ፊልሙ ከኋላችን ቀጥሎ ነበረ፤ አንዱ የፕሮጀክተሩን ገመድ ረግጦ እስኪነቅለው ድረስ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ጠፋ።

ጋሽ ጥሩሰው መድረኩ ላይ የወጡት በዚህ ጊዜ ነው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ጥጥን እጃቸው ላይ አጥልቀው፣ ከፍ አድርገው፣ በዚያ ሁላችንም በምናውቀው ቀጭን ድምፅ «ልጆች፣ ቁጭ በሉ፤ ገና አልሞትኩም» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ክቡር ሆይ፣ የርስዎ ደንብ አስከባሪዎችም ጸጥ አሉ። አንደኛው ዱላውን ደሜ ራስ ላይ እንዳነሣ ቆሞ ቀረ፤ እሱም የኛው ልጅ ነው፣ በጥጥ ነው ያደገው። ነገሩ አልቆ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ወንበሩ እየተመለሰ ነበር።

እርስዎ ግን ከኋላ መጥተው ጥጥን በጆሮው ያዙት። የሽማግሌው እጅ ውስጡ ነበረ። አውቀው ነው አላውቅም፣ ልክ ቆርጣሜ እንደሳበው ሳቡት። መጀመሪያ የሆዱ ስፌት ተተረተረ። ቀጥሎ የተሰማው ደረቅ ድምፅ የጋሽ ጥሩሰው የመሐል ጣት ነበረ። እዚህ ላይ ትንሽ ቀልዴን ልያዝና፣ በዚያ ሁሉ ዱላ መሐል ያልተጮኸውን ጩኸት፣ ያን ጊዜ አራት መቶ ሰው አንድ ላይ ጮኸ። እርስዎም ጥጥን በብብትዎ ይዘው ወደ ቢሮዎ ሄዱ፤ በሩንም ቆለፉ፤ መሳቢያዎ ውስጥ እንደቆለፉበት ዘበኛው ነገረን።

አራተኛው ምስጋና ነው። ፊልሙን ባያቋርጡት ኖሮ እያንዳንዳችን ወደ ቤታችን ሄደን እንተኛ ነበር፤ ስላቋረጡት ግን ጤና ጣቢያው ወረፋ ላይ፣ በቁስላችን ላይ ነጠላ ይዘን፣ በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ የበለጠ የፊልም ውይይት አካሄድን። ደሜ መንጋጋው እንዳበጠ፣ ጥፋቱ የሽቦ ነው ብሎ ድርቅ አለ። «ወንድሙ እየታረደ እሱ ከጠረጴዛ እግር ጋር ይላፋል እንዴ!» ሲል፣ ርሆቦት «አንተ ሦስት ቦታ ታጥፈህ ብናይህ! በአንድ ዱላ አይደል እንዴ እማዬ ያልከው?» አለችው። ቀጥላም ጌታ ይቅር ይበላትና፣ ሽቦ ተፈትቶ በቆርጣሜ አንድ ዓይን ገብቶ በሌላው ሲወጣ ማየት እንደምትፈልግ፣ ከዚያ በኋላ ንስሐ እንደምትገባ በግልጽ ተናገረች። ግድግዳው ሥር የተቀመጠ አንድ ምስኪን፣ ጥጥ በቃ ሞቷል፣ እንዲያ ተዘርግፎ የተረፈ የለም አለ። ይህን ያለው አፉ ውስጥ ገና ደም ሳለ ነው፤ ደሜ በቡጢ ጨመረለት፣ የምስኪኑ ወንድም ደሜን በክራንች መታው፣ ወረፋው ሁሉ እንደገና ተነሣ። ያገላገለችን ሲስተር ኤቢሴ ናት። «ኧረ በማርያም! እኔ ገና አላየሁትም! ከዚህ በኋላ ስለዚያ ፊልም የሚተነፍስ ሰው ከንፈሩን ነው የምሰፋው!» ብላ መርፌዋን ይዛ መሐላችን ቆመች። ቁስል ልትጠርግ ከካርቶኑ ውስጥ ነጭ ጥጥ በጭብጥ ስታወጣ ግን ያ ሁሉ ጎረምሳ ዓይኑን ጨፈነ። የኔን ቅንድብ እየሰፋች ሳለ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ «እና... ይተርፋል?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ማናችንም አናውቅም፤ አሥራ ሁለቱን ደቂቃ እርስዎ ይዘውብናል።

የሚያውቁት ጋሽ ጥሩሰው ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ አይናገሩም። ሰኞ ሾርባ ይዤ ሄጄ ብለምናቸው፣ ጣታቸው በጀሶ ታስሮ አልጋ ላይ ተቀምጠው፣ «እሱ ሆዱ ተከፍቶ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ መጨረሻውን አላወራም፤ ፊልሙንም አላሳይም» አሉኝ። ሌላ ካልሲ ላምጣ፣ ሌላ እንስፋ ብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያ ካልሲ ውስጡ በሃያ ሦስት ዓመት የሳቸውን ጣት ቅርጽ ይዟል፤ ለሌላ ሰው እጅ አይሆንም፣ የሳቸውም እጅ ሌላ አይገባበትም። በየዓመቱ የሚጠግኑበትን ነጭ ክር የምሸጥላቸው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ከማክሰኞ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በአዳራሹ በር ላይ ይቆማሉ። ዘበኛው ጌታሁን ወንበር ያወጣላቸዋል፣ አይቀመጡም፤ ማስታወቂያዎን ያነባሉ፣ ይመለሳሉ። ዓርብ የቆሻሻው መኪና ሲመጣ ከመኪናው ኋላ ተከትለው ቆሼ ድረስ እንደሚሄዱ ነግረውኛል። ያ ጉልበት እዚያ የቆሻሻ ተራራ ላይ ሲወጣ ማየት አልፈልግም። እርስዎም አይፈልጉም ብዬ ላስብ።

እንግዲህ የጠየቁት ይቅርታ እነሆ። ቆርጣሜ መስለው በመቆምዎ፣ እኛም ስለመሰሉን፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። ማመልከቻችን አንድ ገጽ ሙሉ ሆኖ ለማንበብ ስላስቸገረዎ ይቅርታ እንጠይቃለን። ግንባርዎ በጫማ መንገድ ላይ እንዲቆም ሲደረግ ቀድመን ባለመጮኻችን ይቅርታ እንጠይቃለን። ጫማዎቹን ይውሰዷቸው፤ ከመካከላቸው በልክዎ የሚሆን ቢያገኙ ቢያደርጉትም ቅር አይለንም። ጥጥን ግን ይስጡን። ለኔ ይስጡኝ፣ ለጌታሁን ይስጡት፣ በመስኮት ይጣሉት፣ እኛ ሥር ቆመን እንቀልበዋለን።

የግንባርዎ እብጠት በፍጥነት እንዲጎድል፣ የማንበብ ፍላጎትዎ ደግሞ በዚያው ፍጥነት እንዲጨምር ዘወትር የምትመኝልዎ፣ ቅንድቧን ባሳከካት ቁጥር እርስዎን የምታስታውስ፣ በባዶ እግሯ ከአዳራሽዎ የወጣች ታማኝ ተመልካችዎ፣

የሺእመቤት ወልደጊዮርጊስ
ከክርና ቁልፍ መደብር፣ ቀራንዮ
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ካልኩ በኋላ የጨመርኩት፤

ክቡር ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ማጣበቂያ ስፈልግ አንዲት ሴት ሱቄ ገባች። ከነጠላዋ ሥር አንድ ነገር አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችልኝ። ጥጥ ነው። ሆዱ ክፍት ነው፣ አንድ ጆሮው ተንጠልጥሏል፣ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ያመጣችው ባለቤትዎ ወይዘሮ ውዳሴ ናት። የመሳቢያውን ቁልፍ ከሱሪዎ ኪስ እንዳወጣችው፣ ልጅ ሆና ጥጥን ለማዳን ስትወረውር ሁለት ቴሌቪዥን እንደሰበረች፣ እሑድ ዕለትም በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጣ ያቺን ቀይ ጫማ የወረወረችው እሷ እንደሆነች፣ ቆርጣሜን እንጂ ባሏን እንዳላየች ነገረችኝ። በርግጥ ጫማዋ ከመታችዎ በኋላ እርስዎ መሆንዎን አይታ ይሆን ብዬ ብጠይቃት ሣቀች። ስሟን ልጻፈው ወይ ብላት «በትልቁ ጻፊው» አለችኝ።

መሳቢያው ውስጥ ያለው የኤግዚቢቱ ፌስታል ባዶ ሆኖ እንዳይታይ የርስዎን ግራጫ ካልሲ፣ የግራ እግሩን፣ ጥጥ ጠቅጥቃ አስቀምጣልዎታለች። ስለዚህ በማስታወቂያዎ እንደወሰኑት ዓርብ ወደ ቆሼ ይላኩት፤ አፈጻጸሙ እንዳይጓተት አደራ።

ጋሽ ጥሩሰው አሁን በዚሁ ሱቅ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በጀሶ ባልታሰሩት ጣቶቻቸው መርፌ ይዘው እየሰፉ ነው፤ ክሩን እኔ ነኝ የማስገባላቸው። ቀሪው አሥራ ሁለት ደቂቃ ቅዳሜ ከምሽቱ በአንድ ሰዓት በግቢዬ፣ በነጭ የመጋረጃ ጨርቅ ላይ ይታያል። ሲስተር ኤቢሴ ፋሻዋን ይዛ ትመጣለች። ያ ዱላውን አንሥቶ የቀረው ልጅም ቦታ ያዙልኝ ብሎ ልኳል። እርስዎም ተጋብዘዋል፣ ከወይዘሮ ውዳሴ ጎን ወንበር ይዘንልዎታል። ብቻ እባክዎ፣ ፊልሙ መሐል እንዳይነሡ፤ የቀኝ እግር ጫማዋ ገና አለላት።